ፊቱ የተጠበቀ ቤት፤ ስለ ጁ ቺያት የሱቅ ቤቶች ታሪክና አጠባበቅ

በሲንጋፖር ደሴት በምሥራቅ በኩል፣ በደቡቡ ጠረፍ ላይ፣ ካቶንግና ጁ ቺያት የሚባሉ ሁለት ተጐራባች ሰፈሮች አሉ። በእነዚህ ሰፈሮች ጐዳናዎች ግራና ቀኝ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የቆሙት አሮጌ የሱቅ ቤቶች ዛሬ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ጣራቸው ታድሷል፤ የፊታቸው ጌጥ ተጠግኗል፤ ቀለማቸውም ከሩቅ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። ዳሩ ግን «ቤቱ ተጠብቋል» በተባለ ጊዜ ከቤቱ የትኛው ክፍል እንደ ተጠበቀ፣ የትኛውስ እንደ ተለቀቀ መጠየቅ ይገባል። ጥያቄው ለሕንጻ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ቤት የኑሮ መሣሪያ እንደ መሆኑ መጠን፣ የሕዝብን ልማድና አኗኗር የሚመረምረውን ትምህርት በቀጥታ ይመለከተዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የሱቅ ቤት ማለት፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ምድር ቤቱ ለንግድ ወይም ለእጅ ሥራ፣ ፎቁ ደግሞ ለመኖሪያ የሚውል ቤት ነው። በማላይኛ «ሩማ ከዳይ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ያው የሱቅ ቤት ማለት ነው። የፊቱ ስፋት ጠባብ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሜትር ያህል ነው፤ ምክንያቱም ወለሉንና ጣራውን የሚሸከመው እንጨት ከአንዱ የጋራ ግድግዳ እስከ ሌላው ወጥ ሆኖ ስለሚጋደም፣ የቤቱን ስፋት የሚወስነው የእንጨቱ ርዝመት ነበር። ወደ ኋላ ግን ቤቱ ጥልቅ ነው። በጐንና በጐኑ ጐረቤት ስላለ መስኮት ሊወጣለት አይችልም፤ ስለዚህ ብርሃንና አየር የሚያገኘው በመካከሉ ጣራ ሳይለብስ ከተተወው ትንሽ ግቢ ነው። ዝናቡ ወደዚያ ይወርዳል፤ የሞቀው አየርም በዚያ ይወጣል። ከግቢው በስተ ኋላ ማድ ቤቱ ይገኛል። እንግዲህ በአንድ የሱቅ ቤት ውስጥ አራት ነገሮች በአንድ መሥመር ተሰልፈው ይታያሉ፤ ከፊት መተላለፊያው፣ ቀጥሎ ሱቁ፣ ከዚያ ሰማይ የሚታይበት ግቢ፣ በመጨረሻም ማድ ቤቱ። ከነዚህ አንዱ ሲጐድል የቀሩት ሥራቸውን በሙሉ ሊሠሩ አይችሉም።

ከአራቱ ውስጥ ታሪኩ በጽሑፍ ይበልጥ የታወቀው የፊቱ መተላለፊያ ነው። ቶማስ ስታምፎርድ ራፍልስ በ1822 ከተማውን ለሚተልሙት ሰዎች በሰጠው መመሪያ፣ በመንገድ ዳር የሚሠራ ቤት ሁሉ በፊቱ የተወሰነ ስፋት ያለው በረንዳ እንዲኖረው፣ በረንዳዎቹም ተያይዘው ምን ጊዜም ለመንገደኛ ክፍት እንዲሆኑ አዘዘ። ራፍልስ የተጠቀመበት «ቬራንዳ» የሚለው ቃልና አማርኛው «በረንዳ» ምንጫቸው አንድ ነው፤ ነገሩም ቢሆን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በረንዳ የቤቱም የመንገዱም ነው፤ ባለ ሱቁ ዕቃውን ይደረድርበታል፤ አላፊ አግዳሚው ከፀሐይና ከዝናብ ይጠለልበታል። የአገሩ ሕዝብ ስፋቱን መሠረት አድርጎ «ካኪ ሊማ» ማለት «አምስት ጫማ» ሲል ሰየመው፤ ይኸውም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው።

ይሁን እንጂ መሬቱ የባለ ቤቱ፣ መተላለፊያው ደግሞ የሕዝብ በመሆኑ ክርክር አልታጣበትም። ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳው እንደ መንገድ ባዶ እንዲሆን ይሻ ነበር፤ ነጋዴውና የእጅ ሥራ ሠራተኛው ግን የሱቁ ተቀጽላ አድርጎ ያየው ነበር። በ1888 ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳዎቹን በኀይል ለማስለቀቅ በተነሣ ጊዜ ሱቆች ተዘጉ፤ በከተማውም ሁከት ሆነ። የኋላ ኋላ፣ መንገደኛ የሚያልፍበት ያህል ስፍራ ከተተወ የቀረውን ነጋዴው ሊጠቀምበት እንዲችል ነገሩ በስምምነት ረገበ። ብሬንዳ ዮ በቅኝ አገዛዝ ዘመን ስለ ነበረው የሲንጋፖር የቦታ ክርክር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ታሪክ በሰፊው መርምረውታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የሱቅ ቤት የፊት ክፍል ከመጀመሪያው ጀምሮ ለዐይን ብቻ የቆመ ገጽታ ሳይሆን፣ ሁለት መብቶች በየቀኑ የሚገናኙበትና የሚደራደሩበት ስፍራ ነበር።

ወደ ጠረፉ ሰፈር ስንመለስ፣ ይህ አገር በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የኮኮናት ተክል የበዛበት ነበር። በባሕሩ ዳር ሀብታም ኤውሮጳውያንና ቻይናውያን የዕረፍት ቤቶች ይሠሩበት ነበር። ጁ ቺያት ስሙን ያገኘው ቹ ጁ ቺያት ከተባለው ቻይናዊ ባለ ሀብት ነው። ይህ ሰው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በዚያ ሰፊ መሬት ገዛ፤ በመሬቱ ላይ የሚያልፈውም መንገድ በ1917 በስሙ ተጠራ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ከተጨናነቀው የከተማ እምብርት መውጣት የቻሉ ቤተ ሰቦች ወደዚህ መጡ። ከነዚህም መካከል ፐራናካን የሚባሉት፣ ማለት ከብዙ ትውልድ ጀምሮ በማላይ አገሮች የተቀመጡና በቋንቋቸውም በምግባቸውም የቻይናንና የማላይን ልማድ ያዋሐዱ ቤተ ሰቦች፣ እንዲሁም ከኤውሮጳና ከእስያ ዘር የተወለዱት ኤውራሲያን ይገኙ ነበር።

የቤቶቹ ጌጥ ይህን መደባለቅ ያሳያል። በግድግዳው ግርጌ የተለጠፈው አበባማ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ከእንግሊዝና ከቤልጅግ፣ ኋላም ከጃፓን በመርከብ የመጣ ነው። ዐምዱ የኤውሮጳን የጥንት ሥነ ሕንጻ ይመስላል፤ በኖራ ልስን ላይ የተቀረጹት አበቦችና አዕዋፍ የቻይናን ልማድ ይከተላሉ። ከትልቁ በር ፊት ለፊት የሚተከለው አጭር መዝጊያ በማላይኛ «ፒንቱ ፓጋር» ይባላል፤ ትልቁ በር ለነፋስ ተከፍቶ ሳለ ይህ መዝጊያ የውስጡን ኑሮ ከመንገደኛ ዐይን ይጋርዳል። ጌጥ የሚመስለው ነገር እንዲህ ሥራ ያለው መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ጥበቃው ከመጀመሩ በፊት ሰፈሩ አንድ ታላቅ ለውጥ ደረሰበት፤ ባሕሩ ራቀው። ከ1966 ጀምሮ መንግሥት የምሥራቁን ጠረፍ በአፈር ማስሞላት ያዘ፤ በተከታታይ በተፈጸመው ሥራም 1,525 ሄክታር ያህል አዲስ መሬት ተገኘ። በዚህ መሬት ላይ የማሪን ፓሬድ የመኖሪያ ሕንጻዎች፣ ሰፊ መናፈሻና ፈጣን አውራ ጐዳና ተሠሩ። ብዙ ሕዝብ መጠለያና መዝናኛ በማግኘቱ ሥራው ጥቅም ሰጥቷል። ነገር ግን ሰፈሩ የተመሠረተበት ምክንያት ራሱ ባሕሩ ነበር፤ ዛሬ «የምሥራቅ ጠረፍ መንገድ» የሚለው ስም የሚያመለክተው ጠረፍ ከመንገዱ ርቆ ይገኛል። እንግዲህ የጥበቃው ሕግ ወደ ጁ ቺያት በደረሰ ጊዜ፣ ሊጠበቅ የተፈለገው ሰፈር ከአካባቢው ጋር የነበረው ግንኙነት ግማሹ ቀድሞ ተቋርጦ ነበር።

ሕጉ የመጣው በደረጃ ነው። የከተማ መልሶ ልማት ባለሥልጣን አሮጌ ሰፈሮችን ለመጠበቅ ያሰበውን ዕቅድ በ1986 አስታወቀ፤ በ1989 የመጀመሪያዎቹ የጥበቃ ክልሎች በአዋጅ ተወሰኑ፤ ጁ ቺያት በ1993 ተጨመረ። በ2011 ደግሞ የብሔራዊ ቅርስ ቦርድ ጁ ቺያትን የመጀመሪያው «የቅርስ ከተማ» ብሎ ሰየመው። በደሴቱ ላይ በጠቅላላው ከ7,000 የሚበልጡ ሕንጻዎች በዚህ ዐይነት ተጠብቀዋል። መሬት እጅግ በተወደደበት በአንድ ትንሽ ደሴት ላይ ይህን ያህል ቤት ከመፍረስ ማዳን ቀላል ነገር አይደለም። የጥገናውም መሠረተ ሐሳብ ጥሩ ነው፤ የሚቻለውን ሁሉ እንዳለ ማቈየት፣ የጠፋውን በጥንቃቄ መመለስ፣ የተበላሸውን ብቻ መጠገን የሚል ነው። ሒሱ የሚያርፈው በዚህ መሠረተ ሐሳብ ላይ ሳይሆን፣ ሐሳቡ የትኛውን የቤት ክፍል እንደሚመለከት በሚወስነው አከፋፈል ላይ ነው።

ባለሥልጣኑ የሱቅ ቤቶችን በስልት ይከፍላቸዋል፤ ከስልቶቹም መካከል የመጀመሪያው ስልት፣ አንደኛው የሽግግር ስልት፣ የኋለኛው ስልት፣ ሁለተኛው የሽግግር ስልትና አርት ዴኮ ይገኛሉ። አከፋፈሉ የዘመናቱን ቅደም ተከተል ስለሚያስረዳ ለተማሪ ይጠቅማል። ሆኖም መለያዎቹ የመስኮት ብዛት፣ የዐምድ ቅርጽ፣ የሸክላ ጌጥ፣ የግንባሩ ልስን ናቸው፤ ሁሉም ከመንገድ ማዶ ቆሞ የሚታዩ ናቸው። በቤቱ ውስጥ ስንት ቤተ ሰብ ይኖር እንደ ነበር፣ በምድር ቤቱ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ ማድ ቤቱ የአንድ ነው ወይስ የጋራ ነበር የሚለው ከአከፋፈሉ ውጭ ነው። አንድ ሥርዐት የሚጠብቀው የሚቈጥረውን ነው፤ የፊት ጌጥ ከተቈጠረ የፊት ጌጥ ይተርፋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ኩን ሴንግ በሚባለው መንገድ ላይ በ1920ዎቹ የተሠሩት ባለ ብዙ ቀለም ቤቶች ናቸው። የጁ ቺያትን ስም የሰማ ሰው ሁሉ የሚያያቸው ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የነዚህ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ቤቶች በፊታቸው የግል ግቢ ያላቸው፣ ለመኖሪያ ብቻ የታነጹ ቤቶች እንጂ የሱቅ ቤቶች አይደሉም፤ አምስት ጫማ መተላለፊያም የላቸውም። ጌጣቸው ከሁሉ የበለጠ ስለ ሆነ ግን የሰፈሩ ሁሉ መልክ ሆነው ተቈጠሩ። በአንጻሩ በጁ ቺያት መንገድ ላይ ያሉት ጌጥ የሌላቸው ቤቶች፣ የንግዱንና የእጅ ሥራውን ታሪክ ይበልጥ የያዙ ሆነው ሳሉ፣ ከእነርሱ ጥላ ሥር ይውላሉ።

ሁለተኛው ጉድለት ከቤቱ ጀርባ ይገኛል። የጥበቃው መመሪያ በከተማው እምብርት ባሉት ታሪካዊ ሰፈሮች ቤቱ በሙሉ እንዲጠበቅ ያዛል። ጁ ቺያት ግን «ሁለተኛ ደረጃ ሰፈር» ከሚባለው ክፍል የተመደበ ስለ ሆነ፣ የፊተኛው ዋና ክፍል ከተጠበቀ ከኋላ አዲስ ሕንጻ መጨመር ይፈቀዳል። ስለዚህም በብዙ ስፍራ ከአሮጌው የሸክላ ጣራ በላይ አዲስ ፎቅ ብቅ ብሎ ይታያል። ቀድሞ ከአራት የተቈጠረው መሥመር እንግዲህ ከመካከሉ ይቈረጣል፤ መተላለፊያውና ሱቁ ሲቀሩ የውስጡ ግቢና ማድ ቤቱ በባለ ገንዘቡ ፈቃድ ላይ ይወድቃሉ። ሸማች የሚቆምበት ክፍል ቅርስ ሲባል፣ ሴቶች የቤተ ሰቡን ምግብና ከዚያም ጋራ ልማዱን ሲያዘጋጁ የኖሩበት ክፍል ቅርስ አልተባለም። ፐራናካን በምግባቸው የታወቁ ሕዝብ ሆነው ሳሉ ማድ ቤታቸው ያለ ጥበቃ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የሱቅ ቤት የውስጥ ኑሮ በብዙ ስፍራ መከራ ነበርና ሊናፈቅ አይገባም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው። ሐኪሙ ሲምሰን በ1907 ስለ ሲንጋፖር ጤና ባቀረበው መግለጫ፣ ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ፣ ብርሃንና አየር ያጡ መሆናቸውን አመልክቶ ከኋላቸው መተላለፊያ እንዲከፈት መክሯል። ባሪንግተን ኬይ ደግሞ በ1960 የታተመው ጥናታቸው በቻይናውያን ሰፈር ስላለው ስለ አፐር ናንኪን መንገድ ሲሆን፣ ቤተ ሰቦች በአንድ ፎቅ ውስጥ በሳንቃ በተከፋፈሉ ጠባብ ክፍሎች ተጨናንቀው ይኖሩ እንደ ነበር ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መርምረው አሳይተዋል። በ1947 የወጣው የኪራይ ቍጥጥር ሕግም ተከራዩን ከመባረር ሲጠብቅ፣ ባለ ቤቱ ከዝቅተኛው ኪራይ ቤቱን እንዳያድስ አድርጎታል፤ ሕጉ ጨርሶ የተሻረው በ2001 ነው።

ዳሩ ግን ከተቃውሞው የሚወጣው ፍርድ ተቃዋሚዎቹ ከሚያስቡት የተለየ ነው። መጨናነቁ ክፉ መሆኑ ውስጡ ሊመረመርና ሊመዘገብ አይገባውም አያሰኝም። የኬይ ሥራ ዛሬ ክቡር የሆነው ስለ ድህነቱ ውበት ስለ ተናገረ ሳይሆን፣ ማን ከማን ጋራ፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን ሥራ ይኖር እንደ ነበር ስለ ቈጠረ ነው። በጁ ቺያት የጥበቃው አዋጅ ሲወጣ ይህን የመሰለ ቈጠራ ቤት ለቤት ተደርጎ ከጥገናው መዝገብ ጋራ ቢያያዝ ኖሮ፣ ግድግዳው ቢለወጥ እንኳ እውቀቱ ባልጠፋ ነበር። በ2001 ሊሊ ኮንግና ቲ. ሲ. ቻንግ ስለ ሰፈሩ ባሳተሙት መጽሐፍ የነዋሪዎቹን ትዝታ ከሥዕል ጋራ አቅርበዋል፤ ጥረቱ ሊመሰገን ይገባዋል። መጽሐፍ ግን የመንግሥት መመሪያ ምትክ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ጉድለት የቤቱን አገልግሎት ይመለከታል። ከመተላለፊያው ይጀመር። በአምስት ጫማው ላይና በመንገዱ ዳር ምግብ የሚሸጡትን ሰዎች መንግሥት በ1970ዎቹና እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ለንጽሕና ሲል ወደ ተሠሩ የምግብ አዳራሾች አዛወራቸው። ከዚህ በኋላ በረንዳዎቹ ቅርስ ተብለው ታደሱ። በ2020 ደግሞ የምግብ ሻጮቹ ልማድ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገባ። እንግዲህ አንድ የነበረው ነገር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ስፍራ ተከበረ፤ ስፍራው ያለ ሰዎቹ፣ ሰዎቹም ያለ ስፍራው። ንጽሕናው አስፈላጊ እንደ ነበር አያከራክርም፤ ነገር ግን ሁለቱ መዝገቦች አንዱ ስለ ሌላው ምንም አለማንሣታቸው የአስተሳሰብ ጉድለት ነው።

የዳቦ ቤቶቹም ታሪክ እንዲሁ ነው። በምሥራቅ ጠረፍ መንገድ ላይ ከ1925 ጀምሮ የነበረውና ስለ ቀለሙ «ቀይ ቤት» የተባለው ዳቦ ቤት፣ ሕንጻው ለአደጋ የተቃረበ በመሆኑ በ2003 ተዘጋ። ቦታው ወቅፍ፣ ማለት በእስልምና ሕግ ለበጎ አድራጎት የተለየ ንብረት ነበር። ኋላም የሱቅ ቤቱ ፊት ታድሶ ከጀርባው አፓርትማ ተሠርቶ በ2016 ሥራው ተፈጸመ። ወቅፉ ገቢ አገኘ፤ ቀዩም ፊት ተረፈ፤ ቤቱን ያስጠራው የዳቦ ሥራ ግን ከባለሙያዎቹ ጋራ ተቋርጦ ነበር። በዚያው መንገድ ላይ የሚገኘው ቺን ሚ ቺን የተባለው የቡናና የዳቦ ቤት ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ ከቈየ በኋላ በ2021 ከአዲስ አጋሮች ጋራ ተከፍቷል፤ ይህ የተሻለ መንገድ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን በጁ ቺያት መንገድ ላይ ከ1938 ጀምሮ ስስ የፖፒያ ቂጣ በእጅ እየጋገረ ያለው ቤት ነው። እዚያ ሥራው፣ ቤተ ሰቡና ቤቱ ገና አልተለያዩም። ሆኖም ይህ የሆነው በቤተ ሰቡ ጽናት እንጂ በጥበቃው ሕግ ኀይል አይደለም፤ ሕጉ መስኮቱን እንጂ ምጣዱን አያውቀውም።

በሌላ በኩል ገበያው የሚገፋው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው። ለንግድ የተመደበ የሱቅ ቤት የውጭ አገር ሰው ሊገዛው ስለሚችልና በመኖሪያ ቤት ላይ የሚጣለው ተጨማሪ ግብር ስለማይደርስበት፣ ባለ ገንዘቦች እንደ ወርቅ ሀብት ማስቀመጫ አድርገውታል። ቍጥሩ ስለማይጨምር ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ ኪራዩ ይወጣል፤ ኪራዩ ሲወጣ አነስተኛው ባለ ሙያ ይለቅቃል። ስለዚህ የጥበቃው ሕግ ቤቱን ብርቅ በማድረግ፣ ሳያስበው፣ የቤቱን የቀድሞ ባለሙያ ለማስወጣት ምክንያት ይሆናል።

አገልግሎቱ ሲለወጥ ግንቡም ራሱ ይጐዳል። የጡቡ ግድግዳ በኖራ ሲለሰን ከመሬት የሳበውን እርጥበት ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ተለስኖ በዘመናዊ ቀለም ሲሸፈን ግን እርጥበቱ በውስጡ ይታገታል፤ በጡቡ ውስጥ ያለው ጨው እየረጋ ጡቡን ይፈረካክሰዋል። የውስጡ ግቢ ለማቀዝቀዣ መኪና ሲባል በመስተዋት ሲከደን ደግሞ ሞቃቱ አየር መውጫ ያጣል። እነዚህን ነገሮች አናጢው፣ ለሳኙና ቤቱን በየዝናቡ ወራት ይጠብቅ የነበረው ነዋሪ በልምድ ያውቋቸው ነበር። እንግዲህ ኑሮው የወጣበት ቤት ጠባቂውንም ያጣል፤ ፊቱ ብቻ የተጠበቀ ቤት ለፊቱም ቢሆን የሚያስተማምን አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ሦስት ነገር ያዘለ ነው። አንደኛ፣ ጥገና ከመጀመሩ በፊት የቤቱ ሥራ፣ ነዋሪና የውስጥ አደረጃጀት ሊመዘገብ ይገባል፤ ይህ የአናጢ ሳይሆን የሕዝብ ልማድ ተመራማሪ ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ የውስጡ ግቢና ማድ ቤቱ፣ ሰፈሩ በየትኛውም ደረጃ ቢመደብ፣ ከፊተኛው ክፍል ጋራ እኩል ሊቈጠሩ ይገባል። ሦስተኛ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ለብዙ ዘመን የቈየ ሙያ ካለ ከቅርሱ እንደ አንዱ ክፍል ታይቶ በኪራይም በግብርም ሊታገዝ ይገባል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቤቱን ለዘለዓለም እንዳይለወጥ አድርጎ እንደ ሙዚየም ማሰርም ሌላ ስሕተት ነው። የሱቅ ቤት ዕድሜ የረዘመው ነዋሪውንና ሥራውን እየለወጠ ስለ ኖረ ነው፤ ዛሬም በጁ ቺያት መንገድ ላይ ቬትናማውያን የምግብ ቤቶቻቸውን መክፈታቸው የዚሁ ጠባዩ ማስረጃ ነው። ስለዚህ መለኪያው ለውጥ ኖረ ወይስ አልኖረም የሚለው አይደለም፤ ከለውጡ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሚሠራና የሚኖር ሰው አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ሲንጋፖር ቤቶቿን ከመፍረስ በማዳን የመጀመሪያውን ሥራ ፈጽማለች። ብዙ የወደብ ከተሞች ይህን እንኳ ሳይሠሩ አሮጌ ሰፈሮቻቸውን አጥተዋል፤ ወደፊት ሊሠሩ የሚያስቡትም ምሳሌ የሚያደርጉት የእርሷን መመሪያ ይሆናል። መመሪያው እንዳለ ከተቀዳ ጉድለቱም አብሮ ይቀዳል። በ1822 የተሰጠው ትእዛዝ ስለ ጌጥ አንዳች አልተናገረም፤ የጠየቀው ሰው የሚያልፍበት ክፍት በረንዳ ነበር። የዛሬው ጥበቃም ከዚያ ትእዛዝ ሊማረው የሚገባው ይህን ነው፤ የቤት ቁም ነገር ሰው በውስጡና በፊቱ የሚያደርገው ነው፤ ጌጡም የሚከበረው ይህን ስለሚያስታውስ ነው።